የአደራ ውሻ

ኪሩቤል ጠዋት ጠዋት ልብሱን ሦስት ጊዜ ይቀይራል። የመጀመሪያውን ለብሶ ውሻውን ያጥባል፣ ያበጥራል፣ የረገፈውን ጠጉር ሁሉ በቱቦ አስመጥጦ ያሽጋል። ሁለተኛውን ለብሶ ከመስታወቱ ወዲህ ያለውን ወለል ይወለውላል። ሦስተኛውን የሚለብሰው ገላውን ከታጠበ በኋላ ነው፤ ልጁን ወለላን ከአልጋዋ የሚያነሳት ያን ጊዜ ነው። ወለላ ሰባት ዓመቷ ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርግለታለች፤ እሱ በአንደኛው አፍንጫዋ የጨው ውሃ ያስገባና በሌላው ሲወጣ በሳህን ይቀበላል። ከዚያ ከምላሷ ሥር ጠብታ ያደርግላታል። ጠብታው ከራሱ ከውሻው ጠጉር የተቀመመ ነው፤ ገላዋ ውሻውን በትንሽ በትንሹ እንዲለምደው ነው። «ዛሬም መከታን ቀመስኩት» ትላለች ወለላ። ይህን ሳትል ቁርስ አትቀርብም።

መከታ የውሻው ስም ነው። አርጅቷል፤ አንድ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። ሳሎኑ በመስታወት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለእሱ ተሰጥቷል፤ የሚተነፍሰው አየር የሚመጣበትና የሚወጣበት ቱቦም የብቻው ነው። ወለላ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ትምህርቷን የምትከታተለው ከቤት ነው። ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ መከታም ከወዲያ በኩል ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ይተኛል። አስተማሪዋ ጥያቄ ስትጠይቅና ወለላ መልሱ ሲጠፋት ዞር ብላ ውሻውን ታየዋለች። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ መከታ ግን እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን ጮሆ አያውቅም። ተቀባይነቱ የሚያጠራጥር እንግዳ መሆኑን ያወቀ ይመስል ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ መስኮት መክፈት ከቀረ ቆይቷል። የጠባሴ ነፋስ ዛሬም የድሮው ነፋስ ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካውን ሁሉ ጭስና ብናኝ ተሸክሞ ስለሚመጣ ሕንፃዎቹ ታሽገዋል፣ አየርም እንደ ውሃ በቱቦ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ልጆች አፈር አልነኩም፣ በግ አላቀፉም። ገላቸው የማያውቀውን ነገር ሁሉ እንደ ሌባ ያየዋል። አንዱን ድመት ያስነጥሰዋል፣ አንዱን በርበሬ ያሳብጠዋል፣ አንዱ በአያቱ ጋቢ የተነሳ ሆስፒታል ያድራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ደረቱ ላይ ልጣፍ አለው፤ ልጣፉ ትንፋሹን ያዳምጣል። ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የልጆቹ ሁሉ ስም ያለበት ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ በየስሙ ፊት መብራት አለ፤ በየቤቱም የዚያው መብራት ታናሽ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ እናት ሩጫ ትጀምራለች። ቀይ ከሆነ ጥሩንባ ይነፋል።

ጥሩንባው የእድሩ ነው። ድሮ እድር ጥሩንባ የሚያስነፋው ሰው ሲሞት ነበር፤ ዛሬ ከመሞቱ በፊት ያስነፋል። ይህ መሻሻል ነው ይባላል። ድምፁ በየፎቁ ጣሪያ ውስጥ ነው የሚሰማው፤ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ያልመጣ ይቀጣል፤ ሰው የሚመጣው ግን ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ አይደለም።

ለወለላ ሁለት ጊዜ ተነፍቷል። በመጀመሪያው ሰው ሁሉ ስለ ልጅቱ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰበም። በሁለተኛው ግን ልጅቱ ከተረጋጋች በኋላ ዓይኖች ወደ መስታወቱ ዞሩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ሰው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «የምታሳድጉት ልጅቱን ነው ውሻውን?» ብሎ ጠየቀ። ኪሩቤል ያቺን ጥያቄ ይዟት ይተኛል፣ ይዟት ይነሳል። የእድሩ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በአንድ ምክንያት ሦስተኛ ጥሩንባ ከተነፋ ምክንያቱ ከሕንፃው ይወጣል። ምንጣፍ ከሆነ ምንጣፉ፣ ድመት ከሆነ ድመቷ። ሽፍን መኪና መጥቶ ይወስዳል። የት እንደሚወስድ የጠየቀ ሰው እስካሁን የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ውሻውን ሰጥቶ ይገላገል ነበር። ኪሩቤል ግን አልቻለም፤ ውሻው አደራ ነው።

ኪሩቤል እናትና አባቱን ያጣው ገና ድምፁ ሳይጎረንን ነው። ዘመድ ማን ይውሰደው እያለ ሲመካከር ጎረቤታቸው ጋሽ ዮናታን እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡት። አስተማሩት፤ ሶስናን ሲያገባ በአባቱ ቦታ ተቀመጡለት። ያ ሰፈር ፈርሶ ሁሉም ወደዚህ ሕንፃ ሲገባም በር ለበር ሆኑ። ከዚያ ሽማግሌው ደከሙና ልጃቸው አዳማ ወደሚገኘው ቤቷ ልትወስዳቸው መጣች። እዚያ ቤት እንስሳ አይገባም። ጋሽ ዮናታን የመከታን ገመድ ይዘው ከኪሩቤል በር ላይ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከውስጥ ወለላ አስነጠሰች፤ ደግማ አስነጠሰች።

«ልጅቷ አሟታል እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ምንም አይደለም ጋሼ፣ ጉንፋን ቢጤ ነው።»

«እንግዲህ ኪሩ» አሉ፣ ገመዱን እያዩ፣ «አደራ። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ኪሩቤል።

ማታ ሶስና፣ «አይሆንም ማለት አትችልም ነበር?» አለችው።

«ለጋሽ ዮናታን?»

ከጋሽ ዮናታን ማዕድ እሷም በልታለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ደፍሮ ይነካዋል። መስታወቱን ያስገጠሙት በዚያው ሳምንት ነው። ጋሽ ዮናታን በየጊዜው ይደውላሉ፤ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ይላሉ። ውሻውን ማለታቸው ነው። «አለ፣ ደህና ነው ጋሼ» ይላል ኪሩቤል። ሽማግሌው ትንሽ ዝም ይሉና «ጎሽ» ይላሉ።

ከሁለተኛው ጥሩንባ ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የወለላ መብራት ቢጫ ሆነ። ሶስና የምትሠራው ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ቀን ትተኛለች፤ በዚያን ሰዓትም ተኝታ ነበር። ኪሩቤል ወንበሩ ላይ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ የሚመጡትን ሾፌር አልባ የጭነት መኪኖች ከቤቱ ሆኖ መጠበቅ ነው። መኪኖቹን ትቶ ሮጠ። ወለላ ቁጭ ብላ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሳል ይወድቃል። የትንፋሽ መድኃኒቷን፣ ፓፉን፣ አፏ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ ነፋላት፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቢጫው መደብዘዝ ጀመረ፤ ወደ ቀይ ሊሄድ ሲል እንደዚያ ያደርገዋል። ኪሩቤል ያን ጊዜ የታየው የጎረቤቶቹ ፊት ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ሴት ናት። ከዚያ ሽፍኑ መኪና፤ ከዚያ የጋሽ ዮናታን «ጎሽ»። ልጣፉን ከልጅቱ ደረት ላጠና ሸሚዙን ከፍቶ የራሱ ደረት ላይ ለጠፈው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ልጣፉ የሚያውቀው ትንፋሽን እንጂ የማን ትንፋሽ እንደሆነ አይደለም።

ወለላ መድኃኒቱ ሠርቶላት ተሻላት። ኪሩቤልም ልጣፉን ሊመልስላት አሰበ፤ ማታ እመልሰዋለሁ አለ። ማታ ደግሞ ትንሽ ታፏጭ ነበርና ነገ አለ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲጀምር ሁልጊዜ «ለአሁን ብቻ» ነው የሚለው። ወለላ እንደሆነች የሚያሳክካት ነገር ስለተነሳላት ደስ ብሏታል። ልጣፉ ወደ ደረቷ የሚመለሰው እናቷ በምታጥባት ቀን ብቻ ሆነ። ኪሩቤል ለራሱ፣ ጆሮ አለኝ፣ ከማሽን የአባት ጆሮ ይበልጣል ይል ነበር። እውነትም ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ጆሮውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ የሰማውን ግን ለማንም አይናገርም።

ሰሌዳው ላይ የወለላ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ። ሶስና ከሥራ ስትመለስ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ታየዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ቤት ስትገባ ባሏን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። «ጠብታው ሠራ! አንተ እኮ በትዕግስትህ ነው» አለችው። ደረቷ ከደረቱ ጋር ሲገናኝ ልጣፉ በሸሚዙ ውስጥ እንዳይታወቅ ኪሩቤል ትንሽ ወደ ኋላ አለ። እሷ ላብ ላብ ሸትቶ ያፈረ መሰላት፣ ሳቀችም። በሕይወቱ እንደዚያን ጠዋት ያፈረበት ጊዜ የለም ብሎ ነበር። የሚመጣውን አላወቀም።

የእድሩ ዳኛ እትዬ ቤርሳቤህ ናቸው። አዋላጅ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሕንፃው ውስጥ ካሉት ልጆች ግማሹን በእጃቸው ተቀብለዋል። አንድ ቀን መጥተው በሩን አንኳኩ።

«የወለላ አባት፣ እሁድ ስብሰባ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ድመቷ ልትወጣባት ነው፤ አንድ ጥሩንባ ነው የቀራት። ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። አንተ ይሄን የመሰለ ውሻ ይዘህ ልጅህን በአረንጓዴ አሳድረሃል። እንዴት እንዳደረግኸው ንገራቸው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ሐኪም ይንገራቸው።»

«ሐኪምማ ያውጧት ነው የሚለው። አንተ ና።»

አይሆንም ቢል ለምን ይባላል። ደግሞስ እትዬ ቤርሳቤህ ወለላን ያዋለዱ ሴት ናቸው። ኪሩቤል ሰውን እምቢ ብሎ አስቀይሞ አያውቅም፤ ጉዳት ያደረሰው ሁልጊዜ እሺ እያለ ነው። «እሺ እትዬ» አለ።

እሁድ ከሰዓት ሶስና ከሌሊት ፈረቃዋ ተመልሳ ተኝታለች። ወለላ ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች። ኪሩቤል የክት ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመና ወደ ልጁ ተመለከተ። ልጣፉን አውልቆ ለእሷ አድርጎላት መውረድ ይችል ነበር። ግን ሰሌዳው የተሰቀለው እሱ ከሚናገርበት ቦታ በስተጀርባ ነው፤ እየተናገረ ሳለ ከኋላው ቢጫ ቢሆንስ? አንድ ሰዓት አይሞላም፣ እናቷ አጠገቧ ናት፣ አለና ወረደ። ልጁን በሕዝብ ፊት ከሚመጣ ውርደት ጋር አስቀምጦ የመዘነው እዚያ በሩ ላይ ነው፤ የቱ እንደከበደበትም ወርዶ አሳይቷል።

አዳራሹ ሞልቷል። ኪሩቤል ስለ መስታወቱ ተናገረ፣ ስለ ሦስቱ ልብሶች ተናገረ፣ ስለ ጨው ውሃውና ስለ ጠብታው ተናገረ። «ዛሬም መከታን ቀመስኩት ትላለች» ሲል ሰው ሳቀ። ድመቷ የምትወጣባት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጠዋለች። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ በየጠዋቱ የሚያደርገው ነው። በዚህ ተጽናንቶ ድምፁ ጠነከረ።

የልጅቱ እናት እጇን አወጣች። «ሌሊት ሌሊትስ አታፍናትም?»

«አታፍናትም» አለ ኪሩቤል።

አሳንሰሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ሶስና በባዶ እግሯ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ልጅቱን ታቅፋ ወጣች። የወለላ ከንፈር ጠቁሯል፤ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይገባል። ልብሷ ላይ የውሻ ጠጉር አለ።

«ጥሩንባው ምን ሆነ!» ብላ ጮኸች ሶስና። «ልጄ እየሞተች ምነው ዝም አላችሁ! ማንም አልሰማም?»

ሰው ሁሉ ልጅቱን አየ፤ ቀጥሎ ሰሌዳውን አየ። የወለላ መብራት ኩልል ያለ አረንጓዴ ነው። «ተበላሽቷል» አለ አንድ ሰው። እትዬ ቤርሳቤህ ከግድግዳው ላይ የአየር ጭምብሉን ነቅለው መጡና ወለላን መሬት ላይ አስቀምጠው አፏና አፍንጫዋ ላይ ያዙላት። ሶስና በልጅቱ ልብስ ውስጥ እጇን አስገብታ ደረቷን ዳበሰች። ደጋግማ ዳበሰች። «ልጣፏ የለም» አለች። «ወድቆ ነው? ልጣፏ የለም እኮ!»

ኪሩቤል እጁን በሸሚዙ ላይ፣ ልጣፉ ባለበት፣ ጫነ። ላብ አጠመቀው፤ አየር አጠረው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በልቡ። ከጀርባው ሰሌዳው ቢጫ ሆነ፤ ወዲያው ቀይ ሆነ። ጥሩንባውም ተነፋ። በየፎቁ፣ በየቤቱ፣ በየጣሪያው ተነፋ፤ ከጥሩንባው ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅም ስሟን ጠራ። ወለላ ኪሩቤል። ወለላ ኪሩቤል። ስብሰባ ያልመጡት ጎረቤቶች ሳይቀሩ በደረጃው እየሮጡ ወረዱ።

እትዬ ቤርሳቤህ ጭምብሉን ለሶስና አስይዘው ቀና አሉ። ሰሌዳውን አዩ፣ ከዚያ ኪሩቤልን አዩ። እጁ ደረቱ ላይ ነበር። ብዙ ዘመን የሰው ትንፋሽ ሲያዳምጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የማን ትንፋሽ እንደተጠራ ገባቸው።

«ሸሚዝህን ክፈት» አሉት።

ከፈተ። ሶስና ከተንበረከከችበት ሆና አየችው። እትዬ ቤርሳቤህ ልጣፉን ከነደረቱ ጠጉር ነቅለው ወለላ ደረት ላይ ለጠፉት። ቀዩ ቀይ እንደሆነ ቀጠለ። ጥሩንባውም አልቆመም።

ወለላ ተረፈች። ሆስፒታል የተኛችበት ክፍል በር ላይ ጎረቤት በየተራ መጣ፤ ጭማቂ ይዞ፣ አጥሚት ይዞ፣ ብርድ ልብስ ይዞ። «እንኳን እግዜር አተረፈልህ» ይሉታል። «አይዞህ የወለላ አባት፣ ሳይደግስ አይጣላም» ይሉታል። ስለ ልጣፉ ያነሳ አንድም ሰው የለም። ተቀምጠው ስለ ፋብሪካውና ስለ ብርዱ አውርተው ይሄዳሉ። ኪሩቤል ቢሰድቡት በወደደ ነበር። ስድብን ሰው ይመልሰዋል፤ ይሄን ግን አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ምን ሊመልስ ይችላል? የባለድመቷ ልጅ እናትም መጣች፤ ብርቱካን ይዛ። ስትወጣ ድመቷን ራሳቸው ማስወጣታቸውን ነገረችውና እንደ ሌሎቹ «አይዞህ» አለችው።

ሶስና በሰው ፊት ታዋራዋለች፤ ሰው ሲሄድ ታቆማለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ወደ እሱ ሳትዞር ተናገረች። «ውሃ ጠማኝ ብዬ ነው የተነሳሁት። የመስታወቱ በር ተከፍቶ አየሁ፤ ገብታ ውሻውን አቅፋው ነበር ለካ። መብራቱን ሳየው አረንጓዴ ነው። ምንም አልሆነችም ብዬ ወደ አልጋዬ ልመለስ ነበር እኮ ኪሩቤል። ክፍሏን አንዴ ልይ ባልል ልመለስ ነበር።»

ኪሩቤል በማግስቱ መከታን ሽፍን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ወደ አዳማ ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ዮናታን ከልጃቸው ቤት በታች፣ ለሽማግሌዎች በተሠራው የታሸገ በረንዳ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ውሻው አሽትቶ አወቃቸው፤ ጅራቱ ሳጥኑን ይመታ ጀመር።

ኪሩቤል ሁሉንም ነገራቸው። አልቀነሰም። ሲጨርስ፣ «አደራዎን በላሁ ጋሼ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ። መመለሴ ነው።»

ጋሽ ዮናታን እጃቸውን ከሳጥኑ አላነሱም። «ያን ቀን ልጅህ ስታስነጥስ ሰምቻለሁ» አሉ።

«እና ጋሼ...»

«ሁለቴ ነው ያስነጠሰችው። እኔ እኮ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነበር የመጣሁት። እምቢ ስትለኝ ‹ምን ላድርግ፣ የሚቀበለኝ አጣሁ› ብዬ ወስጄ የሞት መርፌ ላስወጋው ነበር። ያኔም አርጅቶ ነበር። ከሰው አፍ እምቢታ ፈልጌ ነው፤ ለራሴ ሸክሙን ለማቅለል። አንተ ምንም አይደለም አልከኝ። በር ላይ ገመድ ይዤ ቆሜ ሌላ ምን ልበል? አደራ አልኩህ።»

«በስልክስ? በየጊዜው ሲደውሉ...»

«ደህና ነው ትለኛለህ። ወደኸው ይዘኸው መሰለኝ። ‹አይ ኪሩ፣ ብታስወግደው ይሻላል› ብልህ ምን ትለኛለህ ብዬ አፈርኩ።» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አሁንማ አፍሬ የት ልድረስ። ልጅ በመሃላችን ልትሞት።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ኪሩቤል ለእሳቸው የነበረው ፍቅር አልቀነሰም፤ ይልቅ እንደ ራሱ አያቸውና አዘነላቸው። ኋላ ጋሽ ዮናታን ሳጥኑን ከፍተው ገመዱን ያዙ። የእንስሳት ሐኪም ቤቱ እዚያው መንደር ውስጥ፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ኪሩቤል ሊከተላቸው ተነሳ።

«አትምጣ» አሉት። «ይሄ ያኔም የእኔ ሥራ ነበር። አንተ ወደ ልጅህ ሂድ።»

ሽማግሌውና ውሻው ቀስ ብለው፣ አንዱ የሌላውን እርምጃ እየጠበቀ፣ ወጡ። ኪሩቤል እስኪመለሱ በረንዳው ውስጥ ጠበቀ። ብቻቸውን ተመለሱ።

ወለላ ከሆስፒታል ስትወጣ መስታወቱ ተነስቶ ነበር። ሳሎኑ ሰፍቶ ቀዝቅዟል። ሶስና የቀን ፈረቃ ጠይቃ ተቀየረላት፤ የምትተኛውም ከልጇ ጋር ነው። አንድ ምሽት እሷ ማድቤት እያለች ኪሩቤል ወለላን ሊያስተኛ ገባ። ብርድ ልብሱን አለበሳት። ልጣፉ ደረቷ ላይ ነው፤ እሱ እንዳያየው ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

«አባዬ፣ መከታ ጋሽ ዮናታን ጋ ነው?»

ሊል የነበረው «አዎ፣ ደህና ነው» ነበር። አፉ ላይ ደርሶ መለሰው። «አይደለም። ሞቷል ወለላ። በጣም አርጅቶ ነበር፤ ሐኪም መርፌ ወጋው።»

አለቀሰች። እሱም ጎኗ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ልታጽናናው እጇን ክንዱ ላይ አደረገች። ሲረጋጉ በሩን አየችና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አባዬ፣ እኔ አልተናገርኩም።»

«ምኑን?»

«የልጣፉን ነገር። ያን ቀን መከታን አቅፌው ትንፋሼ እምቢ አለኝ። ሄጄ አልጋዬ ላይ ተኛሁ። እማዬን ልጠራት ነበር፤ ግን መጥታ ደረቴን ካየች ታውቃለች አይደል? ሳሉ እንዳይሰማት ትራሱን አፌ ላይ አደረግሁት። በጣም ቆየሁ። እነሱ ራሳቸው ናቸው ያወቁት፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።» ቀና ብላ አየችው። «አደራ ለማንም እንዳትነግሪ ብለኸኝ የለ?»

ፊቷ «ጎበዝ» እስኪላት ይጠብቅ ነበር።

ኪሩቤል አዳራሹ ውስጥ ሸሚዙን ሲከፍት የተሰማውን ሀፍረት የመጨረሻው አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ያ በሰው ፊት ነበር፤ ይሄ ግን ሰው የለበትም። ትራሱን አፏ ላይ የጫነው እሱ ነው፤ አንድ ቃል ተናግሮ ጫነው፣ ቃሉንም ከተናገረው በኋላ ረሳው። ልጅቱ ግን አልረሳችውም።

«ወለላ፣ ስሚኝ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ያን ማለት አልነበረብኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አደራውን አንስቼልሻለሁ። ለእማዬ ሁሉንም ንገሪያት፤ ትራሱንም ጭምር።»

ወለላ ግንባሯን ቋጠረች፤ አስተማሪዋ የከበደ ጥያቄ ስትጠይቃት እንደምታደርገው ዞር ብላ ባዶውን ግድግዳ አየች።

«አደራ ይነሳል እንዴ?» አለችው።

ኪሩቤል ተነስቶ በሩን ከፈተና ሶስናን ጠራት።